እምቢታው ብቻ የተቀዳ አባት

ጥቅምት 23፣ 2017። ቅዳሜ።

ሮዳስ ዛሬ ከሥራ ቦታዋ ጉድ ይዛ መጣች። ልጄ የምትሠራው የኮምፒውተርና የስልክ ጨዋታ በሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ ነው፤ ቃሊቲ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እሷ የምትጽፈው በጨዋታው ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚነጋገሩትን ነው። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይሆንና ከከተማ ከተማ ይዞራል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሲያናግረው ሦስት መልስ ይደረደርለታል፤ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ይጫናል።

«አባዬ፣ አንድ ሽማግሌ አባት አለ፤ ድምፁን አንተ ብትሰጠን» አለችኝ።

ተጫዋቹ ለጎረቤቱ ሽማግሌ ሆኖ ይሄድና የዚህን አባት ልጅ ለጋብቻ ይጠይቃል። እስከዚህ መልካም። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ተጫዋቹ ከሚመርጣቸው ሦስት መልሶች አንዱ «ሰውዬ፣ ጊዜዬን አታባክንብኝ» ይላል። ለልጅቷ አባት። በገዛ ቤቱ ቆሞ።

«ይሄን የሚመርጥ ሰው አለ?» አልኳት።

«በጣም ብዙ» አለች እየሳቀች።

ሠላሳ አንድ ዓመት በብረታ ብረት ፋብሪካው ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፣ ከማሽኑ መመሪያና ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። ማሽኑ የላጠው ብረት ተመልሶ አይለጠፍም፤ ከአፍ የወጣ ቃልም እንደዚያ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። እነዚህ ልጆች ቃልን እንደ ሎሚ እያገላበጡ ይመርጣሉ።

እሄዳለሁ አልኳት። ቢያንስ አባትየው በደንብ ይናገር።

ሮዳስ የገባችው 12፡40።

ጥቅምት 26። ማክሰኞ።

ግድግዳዋ ስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። የመቅጃ ማሽኑን የሚቆጣጠረው ልጅ ሚራክል ይባላል። ፀጉሩን እንደ ሴት አስሮታል፤ ግን ትሑት ነው።

እምቢታውን አነበብኩ። «ልጄን ለማንም አልሰጥም። መንገዳችሁን ቀጥሉ።» በአንድ ጊዜ አለቀ።

«አባባ፣ ትወና ተምረዋል እንዴ?» አለኝ።

«አልተማርኩም። አባት ነኝ።»

ቀጥሎ እሺታውን አንብብ አሉኝ። አላነብም አልኩ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ልማድ ነው። እኔ ራሴ አስካለን ለማግባት ቢሾፍቱ ድረስ ሦስት እሑድ ሽማግሌ ልኬያለሁ። አባቷ ሁለቴ መልሷቸዋል።

«ግን አባባ፣ ተጫዋቹ ጥሩ አድርጎ ከመለሰ መንገድ ሊከፈትለት ይገባል።»

«ጥሩም ቢመልስ ሄዶ በሳምንቱ ይምጣ።»

«ሳምንት የሚጠብቅ ተጫዋች የለም።»

«እንግዲያው ሚስት የሚያገኝ ተጫዋች የለም» አልኩት።

ሚራክል ሳቀ። ሮዳስ አልሳቀችም።

ስንወጣ ሦስቱ መልሶች ወዴት ወዴት እንደሚያደርሱ ሚራክልን ጠየቅሁት። አንገቱን አሸት አሸት አደረገና «እውነቱን ልንገርዎት? አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም አንድ ቦታ ነው የሚያደርሱት። ሁሉንም መንገድ መጻፍ አይቻልማ። ተጫዋቹ የመረጠ እንዲመስለው ነው» አለኝ።

«እንዲመስለው ነው ወይስ እንዲመርጥ?»

«ይሄን አለቃዬም ጠይቆኝ አያውቅም፣ አባባ።»

ስብከቱ ሁሉ ምርጫ፣ ምርጫ ነው፤ ውስጡ ግን ማታለል። እስከ አቃቂ በሚኒባስ ስመጣ ይሄ ከራሴ አልወጣም።

ጥቅምት 29። ዓርብ።

እራት ላይ ነገረችኝ። ቃልቤሳ የሚባል ልጅ አለ። ቂሊንጦ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ሦስት ዓመት።»

ሦስት ዓመት። አስካለ ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ስለዚህ አስካለ ታውቅ ነበር። አውቃ፣ ከእኔ ጋር አንድ ትራስ ላይ እየተኛች፣ ሳትነግረኝ ሞተች።

ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ይመጣሉ አለች። «ሁሉም ነገር ያለቀ ነው አባዬ። አንተ ስለ ልጁ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቃቸዋለህ፤ ከዚያ ቀን ትቆርጣላችሁ።»

«መልሴንም ጽፈሽልኛል?»

«አሁን ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«እኔን አታስተምሪኝ» አልኳት።

ኃይለ ቃል ነበር። ግን ሽምግልናን ከሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አልማርም።

ኅዳር 4። ረቡዕ።

የሮዳስን ክፍል በር ማጠፊያ ቀየርኩ። መስኮቷም ንፋስ ያስገባ ነበር፤ ደፈንኩት። ክረምት ሲመጣ ይበርዳታል። የገባችው 1፡05።

ኅዳር 8። እሑድ።

መጡ። ሦስት ናቸው። ልጁን ያሳደጉት አጎቱ አቶ ዱሬሳ፣ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፤ እና የልጁ የሥራ አለቃ። በሩ ላይ «አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን» አሉ። ልማዱን ያውቃሉ ብዬ ደስ አለኝ። በግድ አስቀመጥኳቸው። ሮዳስ ለስላሳ አቅርባ ወደ ጓዳ ገባች።

አቶ ዱሬሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው። የእርስዎን ደጅ ያስመረጠን ስምዎ ነው» አሉ። ጥሩ ንግግር ነው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የመጡት።

እኔም «ልጄን ለማንም አልሰጥም። መንገዳችሁን ቀጥሉ» አልኩ።

አፌ ላይ የመጣው ያው ያነበብኩት ነው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

መምህሩ አቶ ዱሬሳን አዩአቸው። የሥራ አለቃው የሚያየው ቢያጣ ስልኩን አየ። «ስለ ልጁ የሚጠይቁን ካለ…» አሉ መምህሩ።

«የለም።»

«ያጠፋነው ነገር አለ?» አሉ አቶ ዱሬሳ።

«የለም። አልሰጥም ነው ያልኩት።»

ሳይጨቃጨቁ ተነሡ። እንደዚያ ሳይማጠኑ ይነሣሉ ብዬ አልጠበቅሁም፤ የእኔዎቹ በጊዜው ግማሽ ቀን ተሟግተዋል። ለስላሳው ሳይከፈት ቀረ። እስከ አጥር በር ሸኘኋቸው። አቶ ዱሬሳ ባርኔጣቸውን ቤት ረስተውት ነበር፤ ሮጬ አቀበልኳቸው። ተቀበሉኝ እንጂ ፊቴን አላዩኝም።

ስመለስ ሮዳስ ጓዳው በር ላይ ትሪ ይዛ ቆማለች።

«ምን አደረግህ?»

«ይመለሳሉ» አልኳት።

«አይመለሱም፣ አባዬ።»

«የማይመለስ ከሆነማ ምኑን ሽማግሌ ሆነ?»

ትሪውን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። አዲሱ ማጠፊያ ድምፅ የለውም። በሩን ስትዘጋው አልሰማሁም።

ኅዳር 10። ማክሰኞ።

አልበላችም። ሥራ ሄደች። የገባችው 2፡20። የት እንደነበረች አልጠየቅሁም።

ኅዳር 15። እሑድ።

ግቢውን ጠረግሁ። ከጎረቤት ሁለት ወንበር ተዋስኩ። የነቢያት ጾም ዛሬ ስለገባ ቆሎና ዳቦ አዘጋጀሁ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ጋቢዬን ለብሼ ተቀመጥኩ።

አልመጡም። ምናልባት ጾሙ ስለገባ ይሆናል። ምናልባት የሥራ አለቃው ፈረቃ ደርሶበት።

ሮዳስ ከጠዋት ወጥታ ወንበሮቹን ስመልስ ደረሰች። አይታኝ ገባች።

ኅዳር 18። ረቡዕ።

ሳሙና ልገዛ ሙህዲን ሱቅ ገባሁ። ከስልጤ መጥቶ እዚህ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የማይሰማው ወሬ የለም።

«ጋሽ ወልደሰንበት፣ ሽማግሌ አባረሩ አሉ።»

«አላባረርኩም። መለስኳቸው።»

«ሳሙና አልሸጥም ብዬ ብመልስዎትና ባባርርዎት ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አትቀልድ። ሦስት ጊዜ መመላለስ ልማድ ነው።»

«ነበር ይበሉ። አሁን ሽማግሌ የሚላከው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው እኮ። የልጄን የሒክማን ጊዜ እኔ እሺ ያልኩት በስልክ ነው። ሽማግሌዎቹ የመጡት ለምሳ ነው።» ራሱ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዱሬሳ ግን ክፉኛ ተሰምቶታል። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ሌባ ተመለስኩ ብሏል» አለኝ።

እንደ ሌባ።

ሳሙናውን ሳልይዝ ወጣሁ። ሙህዲን ከኋላዬ ተጣርቶ አስያዘኝ። ባርኔጣውን ሮጬ ያቀበልኩት ሰው እንዴት እንደ ሌባ ተመለስኩ ይላል? እኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሁለቴ ተመልሰው ማንም ተዋረድኩ አላለም።

ኅዳር 22። እሑድ።

አልመጡም። ዛሬ ፀሐይ ነበር፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ሰበብ አጣሁላቸው።

ኅዳር 25። ረቡዕ።

እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። የሚጠፋ ቃል ካለ ነገ አስተካክለዋለሁ።

ሚራክል ደውሎ «ድምፅዎን መጥተው ይስሙ» አለኝ። ሄድኩ። ሮዳስ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሥራዋን ቀጠለች። ጨዋታውን እንዲሞክሩ ከጠሯቸው ወጣቶች አንዷ፣ ኢሽራቅ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ከኋላዋ ቆምኩ።

አባትየው ቤት ገባች። ከሦስቱ መልስ ልመናውን መረጠች። የእኔ ድምፅ «ልጄን ለማንም አልሰጥም። መንገዳችሁን ቀጥሉ» አለ። ወጥታ ገባችና ቀልዱን መረጠች። «ልጄን ለማንም አልሰጥም።» ምክንያቱን የሚጠይቀውን መረጠች። «ልጄን ለማንም አልሰጥም።» ቀጥሎ ሌላ ሲደረደርላት የልጅየውን ጠባይ የሚያስረዳ ረጅም መልስ ነበረበት፤ ያንንም ሞከረች። ሰውየው በተናገረ ቁጥር እጁን በአንድ ዓይነት ያነሣል፣ በአንድ ዓይነት ያወርዳል።

«ይሄ ሰውዬ ተበላሽቷል» አለች ኢሽራቅ። «የምለውን አይሰማም።»

«አልተበላሸም» አለ ሚራክል። «ሌላ ንግግር አልተቀዳለትም።»

«ታዲያ ለምን አስመረጣችሁኝ?»

አላስችለኝ አለ። «ልጄ፣ በሳምንቱ ተመለሺ። ይለሰልሳል» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ድምፄን አወቀችው። «እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችና አፈረች። ከዚያ ግን ቀስ ብላ «እንደሚለሰልስ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

የሕፃን ጥያቄ ነው።

ሚራክልን ስንት ሰው እንደሞከረው ጠየቅሁት። አርባ ሦስት አለ። ስንቱ በሌላ ቀን ዳግመኛ እንደተመለሰ ጠየቅሁት።

«አንድም።»

«አንድም?»

«ሁሉም ከከተማው ወጥተው መንገዳቸውን ነው የቀጠሉት። አባባ፣ መንገዳችሁን ቀጥሉ እኮ ነው የሚሉት።» ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ «ስድስቱ ግን ሊመቱዎት ሞክረዋል። እንዳይቻል አድርገነዋል፤ አይስጉ» አለኝ።

አርባ ሦስት ሰው። ወደ ሮዳስ ዞርኩ። የምትጽፍበት እጇ ቆሟል። ጀርባዋ ግን አልዞረም።

ኅዳር 26። ሐሙስ።

ዛሬ እኔ ቀድሜ አነሣሁባት። «አቶ ዱሬሳ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ልማዱን እንዴት ያጡታል?» አልኳት።

እንጀራ ቆርሳ እንደያዘች አሰበች። «እማዬ ነግራኝ ነበር» አለች። «አያቴ ሽማግሌዎቹን ሲመልስ እየሳቀ ነበር። እስከ በር ድረስ ትከሻቸውን አቅፎ ነው የሸኛቸው። በእሑዱ ምን እንደሚበሉ ሁሉ እየነገራቸው። አንተ ያን ቀን እዚያ አልነበርክም፤ የተነገረህ ቃሉ ብቻ ነው። እምቢ ብሎ እንደመለሳቸው።»

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ እውነቷን ነው። ቢሾፍቱ አልነበርኩም። አርባ ዓመት ያህል ይዤው የኖርኩት ሰዎቹ የነገሩኝን ነው።

«አንተ ስቀህላቸዋል?» አለችኝ።

ወጡን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁት።

«ቃልቤሳን ሐዋሳ ወዳለው ፋብሪካ ሊያዛውሩት ነው» አለች። «መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ባለፈው ሰኞ እሺ አለ። ከታኅሣሥ 20 በኋላ እዚህ የለም።»

«አንቺስ?»

«እኔስ ምን?»

ሳህኖቹን አነሣሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን መስማት አልፈለግሁም። ውኃ ስለጠፋ ሳላጥባቸው አስቀመጥኳቸው።

ኅዳር 29። እሑድ።

ሦስተኛው እሑድ። ወንበር አልዋስም ብዬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተዋስኩ። አሥራ አንድ ላይ መለስኩ።

ታኅሣሥ 1። ማክሰኞ።

የገባችው 3፡10። በመስኮት ሳያት አየችኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቱን አልጽፍም።

ታኅሣሥ 3። ሐሙስ።

እሺታውን ካልቀዳሁ ሌላ ድምፅ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ጨዋታው የማይከፈት በር ይዞ አይወጣም አሉ። ሄድኩ። ልቀዳው ቆርጬ ነው የሄድኩት።

ወረቀቱ ላይ ያለው የሮዳስ ጽሑፍ ነው። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። እንደ ልጃችሁ ያዙልኝ።» አምስት ቃል። ስድስት ጊዜ አነበብኩት። ከስድስተኛው በኋላ ሚራክል ማሽኑን አቁሞ ገባ።

«አባባ፣ አይቆጡኝ። ቃሉ ልክ ነው። ግን አሁንም እምቢ የሚሉ ይመስላል።»

አጫወተልኝ። ሰማሁት። እውነቱን ነው። እሺ እያለ እምቢ የሚል ሰው ነው።

ከመስታወቱ ማዶ ሮዳስ ማዳመጫ አድርጋ ነበር። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይሰበር። እኔም ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ።

እኔ ግትር ሰው ነኝ፤ ይሄን ማንም ያውቃል። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ግትርነቴ ያለው ከማምንበት ነገር ላይ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ታኅሣሥ 5። ቅዳሜ።

የሴት አባት ወንድ ቤት ሄዶ አያውቅም። ሲወራም አልሰማሁም። ዛሬ ባጃጅ ይዤ ከወንዙ ማዶ አቶ ዱሬሳ ቤት ሄድኩ።

ግቢያቸው ውስጥ የተጠማዘዘውን ቱቦ እየፈቱ የጎመን መደባቸውን ውኃ ያጠጣሉ። ሲያዩኝ ቱቦውን ከእጃቸው አልጣሉም። ውኃው ጫማዬ ድረስ መጣ።

«ይግቡ» አሉ፤ ቤት የመጣን ሰው ግባ አለማለት ስለማይችሉ ብቻ። አልገባሁም፤ እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። እምቢታዬ የልማድ እንደነበር፣ በሳምንቱ እንዲመለሱ ጠብቄ እንደነበር፣ ሦስት እሑድ ወንበር እንዳወጣሁ። ረጅም ነገር ተናገርኩ።

ስጨርስ ውኃውን ዘጉ።

«አቶ ወልደሰንበት፣ እኔም አገሬ ሽምግልና ተልኬያለሁ። ተመልሼም አውቃለሁ። አባት ለልማድ እምቢ ሲል ከጎኑ የሚተዋት ቀዳዳ አለች። በዐይኑም ቢሆን። እኔ ያን ቀን ዐይንዎን ፈልጌ አጣሁት።» ጎንበስ ብለው ቱቦውን መጠቅለል ጀመሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን እምቢ ያለኝ ልማዱ ነው፣ ወይስ እርስዎ?»

ሦስት መልስ ነበረኝ። ሁለቱ ክብሬን የሚጠብቁ ነበሩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ደነገጥኩ። ቃሉን ማን እንዳለው ለማየት ዙሪያዬን ልቃኝ ምንም አልቀረኝ።

«ልጅቷ ከሄደች ቤት ማን ይቀራል?» አሉኝ።

«ማንም።»

ቱቦውን ጠቅልለው ጨረሱ። ከዚያ «ይሄን ለእኔ መጥተው ከሚነግሩኝ ለልጅዎ ቢነግሯት ይሻል ነበር» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ባጃጅ እስከሚገኝበት ድረስ አብረውኝ ሄዱ፤ ስለ ጎመኑና ስለ ትሉ አወሩኝ።

ታኅሣሥ 6። እሑድ።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነገርኳት። ቁጭ በይ አልኳት፤ ቆማ ሰማችኝ።

«ልማድ አልነበረም» አልኳት። «እንድትሄጂ ስላልፈለግሁ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እነሱ ተነሥተው ከመውጣታቸው በፊት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? አንድ ወር ሙሉ።»

«እኔ ከነገርኩህማ ያው እኔ የጻፍኩልህ ይሆናል» አለች። ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «እሄዳለሁ። ብትለምነኝም፣ ብትቆጣም እሄዳለሁ። ይሄን ግን ሰምቼው ብሄድ ይሻለኛል።»

ሐዋሳ በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ከፈራሁት ያነሰ ነው፤ ያነሰም ቢሆን ከቃሊቲ እስከ አቃቂ አይደለም።

ቃልቤሳ ቅዳሜ ይመጣል አለች። ብቻውን። ሽማግሌ የለም፣ አጎት የለም፣ ቀን መቁረጥም የለም። አንድ ወጣት ብቻውን ገብቶ የልጅቷን አባት ፊት ለፊት ሊያናግር። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ልጁ ሊቆጣኝ ይችላል፤ መብቱም ነው።

እሺ አልኳት።